አውሮፕላኑ በሰላም ስለ መመለሱ፣ ባለቤቴም በሰላም ስለ መረሳቱ

ለተከበሩ የአየር መንገዳችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ከእጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎም፣ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያሉ በትሕትና የሚመልሱኝ ጸሐፊዎም ጭምር፣ ሙሉ ጤና ላይ እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። ሳል እንደ ወንጀል በሚቆጠርበት፣ ሰው ከሰው በሚሸሽበት በዚህ ክፉ ጊዜ ለአንድ ኃላፊ ጤና መመኘት እንዲያው የወግ ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ ከማንም ይልቅ የእርስዎን ጤንነት የምሻበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ ባለቤቴን ወደ ቤቱ ሊመልሱልኝ የሚችሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ጉንፋን ቢይዝዎት እንኳ ተኝቼ የማቃስተው እኔ ነኝ።

በአደባባይ ስለ መጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ደርሰውዎታል ብዬ አምናለሁ፤ ምናልባት ፖስታውን በሳኒታይዘር ሲያሹት ጽሑፉ ለቆ ይሆናል። ይህኛው በጋዜጣ ስለሚወጣ፣ እርስዎ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በአየር መንገዱ ስፌት ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ። በደጉ ጊዜ የወንበር ልብስ፣ የራስ መደገፊያ ጨርቅና መጋረጃ እሰፋ ነበር። ወረርሽኙ መጥቶ አገር ሁሉ ሰማዩን ሲዘጋ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ፤ እኛም በቆሙት አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ ወፍ ጎጆ እንዳትሠራና አቧራ እንዳይገባ አፋቸውን የሚከድን ቀይ ሸራ እንድንሰፋ ታዘዝን። ሰውም አውሮፕላንም አፉን ተሸፍኖ በተቀመጠባቸው በእነዚያ ወራት ሥራ የበዛበት የእኛ ክፍል ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ የጥገና ክፍል ቴክኒሻን ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ራዲዮ» እያሉ ይጠሩታል፤ ጎማ ሲፈታም ሲገጥምም፣ የሚሰማው ኖረም አልኖረም፣ ወሬው አይቋረጥምና። ቤት ሲገባም ያው ነው። ስንት ጊዜ «እባክህ፣ ለአፍህ ትንሽ ዕረፍት ስጠው» ብዬዋለሁ፤ እሱም «እሺ» ይልና ስለ ዕረፍት ማውራት ይጀምራል።

ክቡር ሆይ፣ ዓይን የሌለኝ ሰው አይደለሁም። በሽታው ሥራችንን ምን እንዳደረገው በየቀኑ አያለሁ። በመንገደኞች አዳራሽ ውስጥ የሚሰማው የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ብቻ ሆኗል፤ የሻንጣ ማዞሪያው ከቆመ ሰንብቷል፤ የበረራ ሰዓት በሚታይበት ሰሌዳ ላይ ከላይ እስከ ታች «ተሰርዟል» የሚል ብቻ ተደርድሯል። ጎረቤቴ የሆነችው የበረራ አስተናጋጅ ከሥራ ከተቀነሰች ወዲህ በሯ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። «እንኳን ደህና መጡ፣ ስለመረጡን እናመሰግናለን» የምትለው ግን በዚያው በአውሮፕላን ውስጥ ድምጿ ስለሆነ፣ ቲማቲም ሊገዛ የመጣ ሰው ሳያውቀው እጁ ወደ ቀበቶው ይሄዳል። ስንስቅ እንቆይና እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ስለዚህ ድርጅቱ እንዳይዘጋ ቀን ከሌት እንደሚደክሙ ይገባኛል፤ ይባረኩ ከማለት በቀር በዚህ በኩል የምለው የለኝም። የእኔ ጉዳይ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ማቆሚያችን ሲሞላ ነበር። ከማኮብኮቢያው ጎን ያለው መንገድ ሳይቀር በአውሮፕላን ሲጣበብ፣ አንዳንዶቹ ባሕር ማዶ በሚገኝ በረሃማ የአውሮፕላን ማቆሚያ እንዲቆዩ ተወሰነ። የቆመ አውሮፕላን እንደ ቆመ ብስክሌት ግድግዳ አስደግፈው የሚሄዱት ነገር አይደለም፤ ጎማው በአንድ ወገን ተኝቶ እንዳይበላሽ በየጊዜው የሚያዞረው፣ ሞተሩን የሚፈትሸው፣ ሸራውን ነፋስ እንዳይወስደው የሚያስር ሰው ይፈልጋል። ባለቤቴም ከአንዱ አውሮፕላን ጋር ተላከ። «ለጥቂት ሳምንት ነው» ስላሉት ሁለት ሸሚዝና አንድ ሹራብ ይዞ ወጣ። እሱ ከገባ በኋላ ድንበሩ ተዘጋ፤ ሳምንቱም ወር፣ ወሩም ወራት ሆነ።

ከዚህ በታች ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ። ሁለቱ እየተደባለቁ ካስቸገሩዎት ይታገሡኝ፤ እኔንም አስቸግረውኛል።

አንደኛ፤ አውሮፕላኑን በሰላም ስለ መለሱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጭነት እንዲጭኑ ሲታሰብ ያ አውሮፕላን ተፈለገ፤ ሁለት አብራሪዎችም በጭነት በረራ ሄደው እንዲያመጡት ተደረገ። ባለቤቴ የሚመለስበት ቀን ደረሰ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ አደረ። ሸራውን ፈታ፣ አጠፈ፣ ጫነ፤ ሞተሩን ፈተሸ፤ ጎማውን ነፋ፤ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ ፈረመ። ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ደረጃው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ዋናው አብራሪ አንገቱን ደፍቶ የሰማውን ነገረው። ለካ እዚህ ያለው የበረራ ዝግጅት ክፍል ሰነዱን ሲያዘጋጅ፣ ባለቤቴ አብራሪም አስተናጋጅም ስላልሆነ በጥንቃቄ «ተሳፋሪ» ብሎ መዝግቦታል፤ በወረርሽኙ ምክንያት ደግሞ ተሳፋሪ ድንበር አቋርጦ መጓዝ አይችልም። አብራሪው ወደዚህ በሬዲዮ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ «በተመዘገበው መሠረት ይፈጸም» የሚል ነበር። እናም ባለቤቴ እግሩን ከደረጃው መለሰ። ደረጃውን የሚያነሣ ሌላ ሰው ስላልነበረ እሱው አነሣው፤ ከጎማው ሥር ያለውን ማገጃ ታኮ እሱው ሳበ፤ ከፊት ቆሞ በእጁ ምልክት እየሰጠ እሱው ሸኛቸው። ደንብ በማክበራችሁ የኮራሁበት ቀን ነበር፤ ያን ያህል ባዶ ወንበር ተሸክሞ አንድ ሰው ጥሎ ለመነሣት ቀላል ልብ አይበቃም።

ሁለተኛ፤ ከአውሮፕላኑ ጋር የሄደው ንብረት አንድም ሳይጎድል በመመለሱ እንኳን ደስ ያለዎት። መሰላሉ ተመልሷል፤ ክሪኩ ተመልሷል፤ የመፍቻ ሳጥኑ ተመልሷል። ትርፍ ጎማው እንዳይንከባለል ተብሎ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ ደመናውን እያየ መምጣቱን ያወረዱት ልጆች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ጎማ ዕቃ እንጂ ተሳፋሪ ስላልሆነ ድንበሩ አልከለከለውም። ይህን ለአማቴ ሳስረዳት ጆሮዋን አላመነችም፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝና «ታዲያ ጎማ ነው ብላችሁ ብትጽፉትስ ምን ነበረበት? እኔ እናቱ አልከስስ!» አለችኝ። ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ሸራዎቹ ለጥገና ወደ እኔው ጠረጴዛ እንዲመጡ ስለ ተደረገ አመሰግናለሁ፤ ማንም ሊያደርግልኝ ያልቻለውን አድርጋችሁልኛል። አንደኛው በነፋስ ተቀድዶ ኖሮ፣ ባለቤቴ በወፍራም ክር፣ ጆንያ እንደሚሰፋ ሰው፣ ወጣ ገባ አድርጎ ጠቅሞታል። ይህ ሰው አዝራር ሲተክል እንኳ እጁን ወግቶ ቤቱን በጩኸት የሚያናውጥ ነው። የክፍል ኃላፊዬ «ይህ ስፌት ደረጃውን አይጠብቅም፣ ፍቺውና እንደገና ስፊው» አለችኝ። መቀሱን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ ብቻ ማሽኖቹ ሁሉ ቆመው ሴቶቹ ከበውኝ ነበር፣ ርቀት ጠብቁ የሚለው ማስታወቂያ ከራሳችን በላይ ተለጥፎ። ሸራው አሁንም አልተፈታም፤ ዘገየሽ ተብዬ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ማስጠንቀቂያውንም በአክብሮት ተቀብያለሁ።

አራተኛ፤ የየቢሮዎቻችሁ በር ምን ያህል እንደሆነ በእግሬ እንድማር ስላደረጋችሁኝ አመሰግናለሁ። የሰው ኃይል አስተዳደር ጉዳዩ የበረራ ዝግጅት ነው አለኝ፤ የበረራ ዝግጅት የጥገና ነው አለኝ፤ ጥገና «እኛ እኮ አውሮፕላን እንጂ ሰው አንጠግንም» ብሎ ሲቀልድ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳልስቅ ብቀር ቅር ይላቸዋል ብዬ ነው። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው አስቀምጦ ውኃ ከሰጠኝ በኋላ ሁሉንም አስረዳኝ። ባለቤቴ የተላከው አውሮፕላኑን እንዲጠብቅ ነው፤ አውሮፕላኑ ከተመለሰ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ የሚጠብቀው ከሌለ ሥራ ላይ አይደለም፤ ሥራ ላይ ካልሆነ የያዝንለት ሆቴል ይቋረጣል፤ የሚመለሰው ደግሞ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ሲጀመር ነው። ሲያስረዳኝ ነገሩ ሁሉ እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ። ከውኃው በቀር ምንም ሳልቀበል እንደ ወጣሁ የገባኝ መንገድ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሆቴሉ ከተቋረጠ ወዲህ ባለቤቴ የሚያድረው በማቆሚያው ጥግ ባለ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። የማቆሚያው ዘበኛ አሳዝኖት ፍራሽ ሰጥቶታል፤ ምግቡንም ያካፍለዋል። የዘበኛው ቋንቋና የባለቤቴ ቋንቋ ግን ለየቅል ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በእጅ እየተጠቋቆሙ፣ ራስ እየነቀነቁ ይውላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሲደውል በዚህም ይቀልድ ነበር። ቆይቶ ቀልዱ ቀረ። ከዚያ ወሬውም እያጠረ መጣ፤ ዛሬ ስደውልለት የማወራው እኔ ነኝ፤ ከወዲያ የሚሰማኝ ትንፋሹ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት አውሮፕላኑ ቆሞበት የነበረው ቦታ ሄዶ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። እዚያ ምን ታደርጋለህ ብዬ ስጠይቀው «ምን ላድርግ?» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወሬዬን አቋርጦ «የቤታችን በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክቡር ሆይ፣ ያንን በር የገጠመው እሱ ነው። ማጠፊያውን ሲመታ ጣቱን ቀጥቅጦ፣ ጥፍሩ እስኪያድግ ድረስ ታሪኩን ለመንደሩ ሁሉ ያወራ ሰው ነው። «ወደ ውስጥ ነው» ብዬ መለስኩለት፤ «እ፣ አዎ» አለኝ፤ እንዳላስታወሰው ግን ከድምፁ ታወቀኝ። ስልኩን ዘግቼ በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ በበሽታው አልተያዘም፤ ሳንባው ጤነኛ ነው፤ ትኩሳቱን ሁልጊዜ ይለኩታል አሉ። እየጠፋብኝ ያለው ግን በሌላ በኩል ነው፤ ያንን የሚለካ መሣሪያ ማንም አልያዘም። እኔ ፈርቻለሁ። ይህን በትሕትና አሳምሬ የምልበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ፈርቻለሁ።

አምስተኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ስለ «ናፍቆት በረራ» ነው። ከተማው ሁሉ በማስታወቂያው ተሸፍኗል። መብረር የናፈቃቸው ሰዎች የፊታችን እሁድ ከአየር ማረፊያችን ተነሥተው፣ በተራራው ላይ ዞረው፣ ሐይቁን ከላይ አይተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ እዚያው ከተነሡበት ያርፋሉ። ድንበር ስለማይሻገሩ ተሳፋሪ መሆናቸው አይከለከልም። ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል የመጣው ወጣት ሲያስረዳን «ሰው የናፈቀው መነሣቱን እንጂ መድረሱን አይደለም» አለን። ለበረራው የተመደበውም ያው ከበረሃ የተመለሰው አውሮፕላን መሆኑን ነገረን። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ በየራስ መደገፊያው ላይ «ናፍቆት» የሚለውን ቃል በወርቃማ ክር መጥለፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ናፍቆት ስጠልፍ እውላለሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባም ሥራው አይቋረጥም። ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው ባለማግኘታችሁ አልፈርድባችሁም።

ስድስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ቅሬታ ግን ከዚህ በኋላ አቅም የለኝም። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ።

አውሮፕላኑ እሁድ መነሣቱ ካልቀረ፣ ዞሮ መመለሱም ካልቀረ፣ በዚያ በኩል ይዙር። ተሳፋሪዎቹ አይወርዱም፤ ድንበሩንም አይረግጡም፤ በሩ ለአንድ ሰው ያህል ይከፈትና ይዘጋ። እዚያ ማቆሚያ ላይ ለማረፍ ፈቃድ እንደሚገኝ የጭነት በረራችሁ ራሱ ምስክር ነው። ሰዎቹ ተራራና ሐይቅ ለማየት ነው የከፈሉት ከተባለ፣ በረሃም ከላይ ሲታይ ያምራል ይላሉ፤ ደግሞስ በመካከላቸው አንድ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ እያዩ መምጣት የሚያስቀይመው ማን ነው? የበረራ ሠራተኛ ብላችሁ መዝግቡት፤ ቴክኒሻን ነውና ሐሰት አይሆንባችሁም። ይህ ካስቸገረ ዕቃ ብላችሁ መዝግቡት፤ እናቱ ፈቅዳለች፣ እኔም እፈቅዳለሁ። ወንበር ከሌለ እንደ ትርፍ ጎማው ባገኛችሁት ቦታ እሰሩት፤ ማሰሪያውን በልኩ እኔው ሰፍቼ አቀርባለሁ።

እለምንዎታለሁ። እግርዎ ላይ ወድቄ እንዳልለምን ጸሐፊዎ አያሳልፉኝም፤ ቢያሳልፉኝም ርቀት መጠበቅ አለብኝ። ስለዚህ እግርዎ ላይ የወደቅሁ ያህል ይቁጠሩልኝ። ባሌን መልሱልኝ።

ድርጅታችን ከዚህ ክፉ ቀን በሰላም እንዲወጣ፣ ክንፎቹ ሁሉ ወደ ሰማይ እንዲመለሱ፣ እርስዎም ከስብሰባ የሚወጡበት ቀን እንዲቀርብልዎ እየተመኘሁ፣ ለጊዜዎም ለትዕግሥትዎም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እገልጻለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የንብረትዎ ጠጋኝ፣ ያልተመለሰው ንብረትዎ ሚስት፣
ከስፌት ክፍል።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለባለቤቴ ደወልኩለትና እሁድ አውሮፕላን እንደሚመጣለት፣ የፈቀዱትም እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ነገርኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ዝምታውን መስማት ስላልቻልኩ ይመስለኛል። ማውራት ጀመረ። ስለ ዘበኛው፣ ለዘበኛው ትቶለት ስለሚመጣው ሹራብ፣ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ስለሚያስተካክለው ቧንቧ እያወራ፣ እያወራ የስልኬ ሒሳብ አልቆ ተቋረጠ። ለወራት እንዲህ ሲያወራ አልሰማሁትም ነበር። እንደነገረኝ ከሆነ አሁን ሸሚዙን አጥቦ እያሰጣ ነው፤ እሁድ ማለዳ ለብሶት ማቆሚያው ላይ ይቆማል። እርስዎን ደግሞ በጣም አመስግኚልኝ ብሎኛልና ይኸው አድርሻለሁ። አውሮፕላኑ የማይሄድ ከሆነ ግን እኔ ልነግረው አልችልም፤ እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሩት። ስልኩ ክፍት ነው፤ ጸሐፊም የለውም፤ ራሱ ያነሣልዎታል።